የእርሻ ሒሳብና ኮምፒዩተር
(ጉንደ ወይን ላይ ለአዲስ አንባቢ ገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ኮምፒዩተር ነው። አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ፣ «እኛ ፊደል የቆጠርነው ገና አምና ነው፤ ኮምፒዩተር ደግሞ ለሞፈርና ለቀንበር ምን ያደርግለታል?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ ግን የራቀ አይደለም። ደብተር ላይ ቁጥር መጻፍ የቻለ ሰው የነገሩን እኩሌታ ይዟል። ሌላው እኩሌታ በልጆቻችሁ ኪስ ውስጥ አለ።

መጀመሪያ ቃሉን እንፍታ። ኮምፒዩተር ማለት ቁጥርና ጽሑፍ ተቀብሎ፣ እንደታዘዘው አስልቶ፣ ውጤቱን መልሶ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ያ ሰዉ «ተች» የሚለው በጣት እየተነካ የሚሠራ ስልክም ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። መሣሪያው ብቻውን ግን ምንም አያውቅም። ምን እንደሚሠራ የሚነግረው ትእዛዝ ተጽፎ ሊገባለት ይገባል። ይህ ትእዛዝ ሶፍትዌር ወይም ፕሮግራም ይባላል። ሞፈሩም፣ ቀንበሩም፣ ማረሻውም ቢሟላ፣ በሬውም ቢጠመድ፣ ትልሙን በየት በኩል እንደሚያወጣ የሚያውቅ አራሽ ከሌለ መሬቱ አይታረስም። ኮምፒዩተሩ እንደ ሞፈርና ቀንበሩ ነው፤ ሶፍትዌሩ እንደ አራሹ ዘዴ ነው።

ለእርሻ የሚሠሩ ሶፍትዌሮች ብዙ ዓይነት ናቸው። በሌላው ዓለም ሰፊ እርሻ ያላቸው ሰዎች ትራክተራቸውን በሳተላይት እየመሩ ያርሳሉ። የወተት ላሞቻቸውን አንድ በአንድ በኮምፒዩተር ይመዘግባሉ። የኛ ጉዳይ ግን እሱ አይደለም። አንድ ሄክታር በአራት ቦታ ተበጣጥሶ ለሚያርስ ሰው የሚጠቅመው ከሁሉ ቀላሉ ነው። ይኸውም ሠንጠረዥ ነው።

ሠንጠረዥ ማለት ወደ ጎንና ወደ ታች የተሰመረ ገጽ ነው። የዕድር ጸሐፊው ደብተር ላይ አይታችሁታል፤ ስም፣ ወር፣ የተከፈለ፣ የቀረ ይላል። የኮምፒዩተሩ ሠንጠረዥ ከዚህ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። አንዱን ቁጥር ስትለውጡ፣ ከሱ ጋር የተያያዘው ድምር ሁሉ ወዲያው አብሮ ይለወጣል። በደብተር ቢሆን ሰርዞ እንደገና መደመር ነበር። ይህን ዓይነቱን ሶፍትዌር ለትንንሽ ኮምፒዩተሮች መጀመሪያ የሠሩት ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ናቸው። ቪዚካልክ ብለውት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ለገበያ አቀረቡት። ያው ዓመት በኛም አገር የሚታወስ ነው። ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነበርና፣ ይህም በነሱ አቆጣጠር እዚያው 1979 ላይ ይውላል። እነሱ የሒሳብ ደብተሩን ከወረቀት ሲያወጡ እኛ ወረቀቱን ለገበሬው እያደረስን ነበር ማለት ነው። ዛሬ በየቢሮው ኤክሴል የሚባለው ሶፍትዌር የዚያ ዘር ነው። በስልክ ላይም ይጫናል።

ኮምፒዩተር ወደ እርሻችሁ ገና አልገባም የሚል ካለ ደግሞ አረንጓዴውን ደብተር ያስታውስ። በክልላችን የመሬት ይዞታ ምዝገባ በ1995 ዓ.ም. ገደማ ሲጀመር ለሙከራ ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የዚሁ የምሥራቅ ጎጃም የጎዛምን ወረዳ ነበር። በመጀመሪያ መዝገቡ በእጅ ይጻፍ ነበር። ኋላ ግን ወደ ኮምፒዩተር መግባት ጀመረ። በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ማሳው በካርታ እየተነሣ፣ ስፋቱና አዋሳኙ ተለክቶ ተያዘ።

ማዳበሪያውንም ተመልከቱ። አባቶቻችሁ የሚያውቁት ዳፕና ዩሪያ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ገደማ ዳፕ እየቀረ በምትኩ ኤንፒኤስ የሚባለው መጣ። ብዙ ሰው፣ «ዳፕ ምን ሆኖ ተለወጠብን?» ብሎ ጠይቋል፤ በቂ መልስ ያገኘ ግን ጥቂት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ቦታዎች አፈር እየተወሰደ ተመረመረ፤ ከሳተላይት ሥዕል ጋር ተገናዝቦ በኮምፒዩተር የአፈር ካርታ ተሠራ። በዚህ ጊዜ ብዙው መሬት ድኝ የሚባለው ንጥረ ነገር እንደሚያንሰው ታወቀ። ዳፕ ድኝ የለበትም። ኤንፒኤስ ግን በመቶው 7 እጅ ድኝ አለበት። እንግዲህ ጆንያችሁን የለወጠው በኮምፒዩተር የተሠራ ካርታ ነው።

የስልክም ምክር አለ። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የተባለው መሥሪያ ቤት በ2006 ዓ.ም. 8028 የሚባል የስልክ መስመር ከፈተ። ገበሬው በነፃ ሲደውል በቋንቋው የተቀዳ ድምፅ ያነጋግረዋል፤ ስለ ጤፍ ከሆነ ይህን ቁጥር፣ ስለ ስንዴ ከሆነ ያን ቁጥር ተጫን እያለ ስለ አስተራረስ፣ ስለ አዘራርና ስለ ማዳበሪያ ይመክረዋል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠር ጥሪ ተደርጎበታል። ማንበብ የማይችል እንኳ ሊጠቀምበት የሚችል በመሆኑ በጎ ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ምክር ለብዙ ሰው የተዘጋጀ ነው። ለጤፍ በሄክታር አንድ ኩንታል ማዳበሪያ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ ቢል፣ የናንተ የታችኛው መረሬ ከላይኛው ቦረቦር ጋር አንድ እንዳልሆነ ድምፁ አያውቅም። በዚያ ማሳ ካቻምና ባቄላ እንደ ነበረ አያውቅም። የዘንድሮው ዕዳችሁ ስንት እንደሆነ አያውቅም። ይህን የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ችግሩ ዕውቀቱ በጽሑፍ አለመያዙ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በግንቦት አንድ ገበሬ አንዲት ጥማድ መሬቱን ጤፍ ልዝራባት ወይስ ስንዴ ብሎ ያስባል እንበል። ጥማድ ስንል፣ ቃዳም የሚላት አለ፣ የሄክታር ሩብ ማለታችን ነው። ከዚህ በታች የምሰጣቸው ዋጋዎች ለምሳሌ ብቻ ናቸው፤ እናንተ የገበያችሁን ዋጋ ተኩባቸው።

ለጤፉ ዘር 800 ብር፣ ማዳበሪያና ዩሪያ ተደምሮ 50 ኪሎ በ50 ብር ሒሳብ 2,500 ብር፣ የአረም መድኃኒት 500 ብር ያወጣል። ለአረም፣ ለአጨዳና ለውቂያ 24 የሰው ቀን ይፈጃል፤ የቀኑን ዋጋ 300 ብር ብንለው 7,200 ብር ይሆናል። ድምሩ 11,000 ብር ነው። አራት ኩንታል ቢያገኝና ኩንታሉን በ10,000 ብር ቢሸጥ 40,000 ብር ያገባል። ወጪው ሲነሣ 29,000 ብር ይተርፈዋል።

ለስንዴው ዘር 2,100 ብር፣ ማዳበሪያና ዩሪያ 75 ኪሎ 3,750 ብር፣ ለአረምና ለዋግ የሚረጭ መድኃኒት 1,050 ብር፣ 12 የሰው ቀን ደግሞ 3,600 ብር ያወጣል። ድምሩ 10,500 ብር ነው። ሰባት ኩንታል ቢያገኝና ኩንታሉን በ5,000 ብር ቢሸጥ 35,000 ብር ያገባል። ወጪው ሲነሣ 24,500 ብር ይተርፈዋል።

እስኪ አሁን ማን በለጠ? ጤፉ በ4,500 ብር በለጠ። እዚህ ላይ ቢቆም ግን ሒሳቡ ገና ግማሽ ነው። የሶፍትዌሩ ጥቅም የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። ስልኩ ላይ «4 ኩንታል» የሚለውን ሰርዛችሁ «3» ብላችሁ ጻፉ። ወዲያው 29,000 የነበረው 19,000 ይሆናል፤ ስንዴው በለጠ። «3.5» ብላችሁ ጻፉ። 24,000 ይሆናል። አሁንም ስንዴው በ500 ብር ይበልጣል። እንግዲህ የሁለቱ ሚዛን እኩል የሚሆነው ጤፉ ሦስት ኩንታል ተኩል ከጥቂት ኪሎ ሲሰጥ ነው። ስለዚህ ገበሬው «ጤፍ ይሻላል ወይስ ስንዴ?» ማለቱን ትቶ፣ «ይቺ ማሳ በመጥፎ ዓመት እንኳ ከሦስት ኩንታል ተኩል በላይ ትሰጠኛለች ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ የተሻለ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ስልኩ ውስጥ የለም። ያለፉትን አራት አምስት ዓመታት ምርት ጽፎ ለያዘ ሰው በደብተሩ ውስጥ አለ፤ ላልጻፈ ሰው የትም የለም።

በማዳበሪያም እንደዚሁ ነው። በ2014 ዓ.ም. የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ክፉኛ ጨመረ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በክልላችን በብዙ ቦታ ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው ተቸገረ። ጎረቤት ወሰደ ብሎ፣ ወይም የመጣውን ሁሉ ተቀብሎ፣ በጥር ዕዳ ለመክፈል ሲል እህሉን በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጥ ብዙ ነው። ወደ ነሐሴ ደግሞ ያንኑ እህል በውድ ይገዛል። ሠንጠረዡ ላይ «ዕዳ» የሚል አንድ ዓምድ ጨምራችሁ፣ ዕዳውን ለመክፈል ስንት ኩንታል መሸጥ እንዳለበት በግንቦት ብታስሉት፣ ግማሽ ኩንታል ማዳበሪያ ይጨመር ወይስ ይቅር የሚለው ነገር ፊት ለፊት ይታያል። ጤፍ እንደ ስንዴ በነቀዝ ስለማይበላ፣ መቆየት የሚችል ሰው ስንዴውን ቀድሞ ሸጦ ጤፉን ቢያቆይ ይሻለዋል። ይህንንም በሁለት ዋጋ አስገብቶ ማወዳደር ይቻላል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ እህሉን ሁሉ እንደሚሸጥ አድርጎ ይቆጥራል። ቤተሰቡ የሚበላውን አይቀንስም፤ ካልነገራችሁት በቀር። ጎተራው በየትኛው ወር እንደሚጎድል፣ ለጠላ ስንት፣ ለተስካርና ለማኅበር ስንት፣ ለዘር ስንት እንደሚቀመጥ የምታውቀው ደግሞ የቤቱ እመቤት ናት። ባልየው ብቻውን ቁጭ ብሎ የሚሠራው የእርሻ ዕቅድ ጎዶሎ የሚሆነው ለዚህ ነው። ደብተሩ ሲሞላ ሁለቱም ይቀመጡ። ገለባውም አይረሳ፤ የጤፍ ጭድ ለከብትም ለጭቃ ቤትም ዋጋ አለው። በሒሳብ ውስጥ ሲገባ ግን እምብዛም አላየሁም።

አሁን ደግሞ ስለ ጊዜ። በውጭ አገር የተሠሩ የእርሻ ፕሮግራሞች የሥራ ቀን መቁጠሪያ አላቸው። ይህ ቀን መቁጠሪያ ጳጉሜን አያውቅም። እኛ መስከረም በምንለው ጊዜ እሱ ዘጠነኛ ወር ላይ ነው። ይህን ማስተካከል ይቻላል። ከዚህ የሚበልጠው ስለ በዓል አለማወቁ ነው። የጎጃም ገበሬ በሰንበት አያርስም። ቅዳሜንና እሑድን፣ በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን፣ በ27 መድኃኔ ዓለምን፣ በ29 በዓለ ወልድን ብቻ የሚያከብር ሰው እንኳ በአንድ ወር ውስጥ የሚሠራበት 18 ቀን ያህል ነው። አቦን፣ ሥላሴን፣ ገብርኤልንና ጊዮርጊስን የሚጨምር ደግሞ ከዚያ ያነሰ ይቀረዋል። በዓሉን አክብሩ ወይም ሻሩ የማለት ሥልጣን የለኝም፤ እሱን ለንስሐ አባቶቻችሁ እተወዋለሁ። ሒሳቡ ግን ይህን ማወቅ አለበት።

ለምሳሌ ለጤፍ አረም በአንድ ጥማድ 10 የሰው ቀን ያስፈልጋል እንበል። በቤት ሁለት አራሚ ካለ በወር 18 ቀን ሁለት ጊዜ 36 የሰው ቀን አላቸው። ሦስት ጥማድ ጤፍ 30 ቀን ነው፤ ይችሉታል። አራት ጥማድ ከሆነ 40 ቀን ይፈልጋል፤ አይችሉትም። አራት ቀን ጎደለ። እንግዲህ ወንፈል ይገባሉ፣ ወይም ደቦ ይጠራሉ፣ ወይም ለቀን ሠራተኛ ይከፍላሉ። ወይም ከአራቱ ጥማድ አንዱን ብዙ አረም የማይፈልግ ነገር ይዘሩበታል። ይህ ሁሉ በግንቦት ቢታወቅ ምክር ነው፤ በነሐሴ ቢታወቅ ጭንቀት ነው። ወንፈሉም ራሱ ዕዳ ስለሆነ ሠንጠረዡ ላይ ይጻፍ፤ ለማን ስንት ቀን እንደ ሠራችሁ፣ ማን ስንት ቀን እንደሚቀረው። ሰው የሚጣላው በእንዲህ ያለ ነገር ነው።

ስለ ጤፍ በመሥመር መዝራትም የሰማችሁ ይኖራል። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ዘሩን ቀንሶ በመሥመር መዝራት በሰፊው ተሰብኳል። በሙከራ ቦታ ያስገኘው ምርት ትልቅ ነበር። በገበሬው ማሳ ሲሠራ ግን ጭማሪው ከተጠበቀው ያነሰ፣ የሚፈጀው ጉልበት ግን የበዛ መሆኑን በኋላ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ጥፋቱ የመሥመሩ ነው ማለቴ አይደለም። ጉልበት የሞላው ቤት ሊጠቀምበት ይችላል። ግማሽ ጥማድ በመሥመር፣ ግማሽ ጥማድ በብተና ዘርቶ፣ የሁለቱንም ምርትና የሰው ቀን ለየብቻ የጻፈ ገበሬ ግን ማንም መጥቶ እንዲያሳምነው አይጠብቅም።

መሣሪያውን ከየት እናምጣው ለምትሉ፣ ለአንድ ቤት አንድ ስልክ የግድ አይደለም። አሥር ቤት ሆኖ አንድ ስልክ ቢኖር፣ በሁለት ሳምንት አንድ ቀን ደብተር ይዞ መሰብሰብ ይበቃል። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሠንጠረዡን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይሠራዋል። የግብርና ልማት ሠራተኛውም ሊያግዝ ይችላል። ፊደላችን ከ1991 ዓ.ም. ማለቂያ ገደማ ጀምሮ በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር የፊደል መዝገብ ውስጥ ስለ ገባ፣ «ጤፍ»፣ «መረሬ»፣ «ወንፈል» ብሎ በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። ልጁ በእንግሊዝኛ ልጻፈው ቢላችሁ እንቢ በሉት፤ ኋላ የምታነቡት እናንተ ናችሁ።

ሠንጠረዡ ያለ ኔትወርክም ይሠራል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራው ሁሉ አብሮ ቆሟል። በስልኩ ውስጥ የተቀመጠ ሠንጠረዥ ግን ባትሪ እስካለው ድረስ አይቆምም። ስልክ ደግሞ ይወድቃል፣ ይሰረቃል፣ ውሃ ይገባዋል። ስለዚህ መጀመሪያ በደብተር ይጻፍ፤ ከደብተሩ ወደ ስልኩ ይቀዳ። ደብተሩ እናት ነው። እንዲሁም የገንዘብ ሒሳባችሁን የምሥጢር ቁጥር በዚህ ሠንጠረዥ ላይ አታስጽፉ። የቴሌብርም ይሁን የባንክ፣ ለሠንጠረዡ ምንም አይጠቅመውም፤ ለሌባ ግን ይጠቅመዋል።

ዘንድሮ የምንጀምረው በጥቂቱ ነው። ለእያንዳንዱ ማሳ አንድ ገጽ። በራስጌው የማሳው ስም ይጻፍ፤ «የታች መረሬ» ወይም «ከቤት ጀርባ»፣ እናንተ እንደምትጠሩት። ከዚያ ቀን፣ የተሠራው ሥራ፣ ስንት ሰው፣ ምን ወጣ፣ ስንት ብር። በመጨረሻ ስንት ኩንታል ገባ። ስድስት ነገር ነው። በሥራው ዕለት ማታ ይጻፍ፤ ሳምንት ከቆየ ይረሳል። ዋግ ከገባ፣ በረዶ ከመታ፣ እሱም በአንድ ቃል ይጻፍ፤ በሦስተኛው ዓመት ምርቱ ለምን እንዳነሰ የሚነግራችሁ ያቺ ቃል ናት።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ጥማድ ስንል ሁላችንም አንድ ዓይነት ጥማድ ማለታችን እንደሆነ አላረጋገጥንም። የአንዱ ጥማድ የሌላው ጥማድና እንጎቻ ሊሆን ይችላል። ሩብ ሄክታር ማለት ወርዱ 50 ሜትር፣ ርዝመቱ 50 ሜትር የሆነ መሬት ነው። አረንጓዴ ደብተር ያለው ሰው ስፋቱን እዚያ ላይ ያያል። ለሌላው በሚመጣው ማክሰኞ እንለካለን። ገመድ ያለው ገመድ፣ ካስማ ያለው ካስማ ይዞ ይምጣ።